የሬዲዮው ዝናብ እንኳ እንደ ድሮው አይዘንብም

ወገኖቼ፣ ኑሮው ተወደደ፣ ቻልነው። ጤፉ ሸሸን፣ ቻልነው። መንገዱ ተሠርቶ ፈረሰ፣ ፈርሶ ተሠራ፣ እሱንም ለመድነው። ግን በሬዲዮ ድራማ ውስጥ የሚዘንበውን ዝናብ ምን ብለው ነው የነኩት? ማንን በደለ?

ድሮ በሬዲዮ ድራማ ዝናብ ሲዘንብ ሰው የታጠበ ልብሱን ሊያስገባ ከቤት ይወጣ ነበር። ባለቤቴ «የወጣኸው አንተ ብቻ ነህ» ትላለች፤ እሷ ያለፈውን ነገር ልክ እንደነበረው የማስታወስ ክፉ አመል አለባት። የዛሬው ዝናብ የሚቀዳው ከኮምፒውተር ነው። ጠብታው ሁሉ እኩል ነው። ደመናው ሳያጉረመርም፣ ዶሮዎቹ ሳይሸሸጉ፣ ዝም ብሎ ይዘንባል። በዚያ ላይ «በጆሮ ማዳመጫ ይስሙት» ይሉናል። እሺ ብዬ ሰካሁት። ዝናቡ በግራ ጆሮዬ ገብቶ በቀኝ ጆሮዬ ወጣ። መሃል ላይ ያለሁት እኔ ምን እንደሆንኩ የጠየቀኝ የለም።

የድሮው ነጎድጓድ ግን ጨዋ ነጎድጓድ ነበር። አንድ ባለሙያ ሰፊ ቆርቆሮ አንጠልጥሎ ሲያርገፈግፈው ሰማይ ይሰነጠቃል። እሳት ሲያስፈልግ ሴሎፎን ወረቀት ማይክራፎኑ አጠገብ ይጨመደዳል፤ ቤት ከነጣሪያው ይነዳል። ፈረስ ሲያስፈልግ ፈረንጆቹ የኮኮናት ቅርፊት ለሁለት ከፍለው ያንኳኳሉ፤ ፈረሰኛው ከነጭፍራው ከተፍ ይላል። ሁሉም ነገር እውነተኛ ነበር። ዛሬ ግን ሁሉም ነገር ማስመሰል ሆኖ ቀረ።

የልጅ ልጄ የሬዲዮ ድራማ ትሠራለች። ያውም ተራውን አይደለም፤ የሙከራ ድራማ የሚሉትን ነው። እኛ አንድ ነገር ስንሞክር በር ዘግተን ነበር፤ የዛሬ ልጆች የሚሞክሩት አየር ላይ ወጥተው ነው። አንድ እሁድ መቅጃዋን ይዛ መጣችና ከረከቦቱ አጠገብ ደቀነችው። ቡናው ብረት ምጣዱ ላይ ሲንጣጣ፣ ዘነዘናው ሙቀጫውን ሲመታ፣ ጀበናው ሲንተከተክ፣ ገንፍሎም ፍሙ ላይ ሲንጨሰጨስ፣ አንድም ሳታስቀር ቀዳች። «ሲኒ አታንኳኩ፣ አትንቀሳቀሱ» ተባልን። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ቡናዬ፣ ትንፋሼን ውጬ ተቀመጥኩ። ሳል ግን ትእዛዝ አይሰማም፤ መጣብኝ፣ ሳልኩ።

ሥራው ሲያልቅ አሰማችኝ። አንድ ቤት ነው፤ አንድ ጠዋት ነው። የሚናገር ሰው የለም። ጀበና አለ፤ የቆርቆሮ በር ይንቋቋል፤ ከሩቅ የታክሲ ረዳት ይጣራል፤ አንዲት ሴት ትተነፍሳለች። ሁለት ሲኒ ይቀዳል፣ አንዱ ብቻ ይነሳል። ሌላው እዚያው ይቀመጣል። በቃ። ሴትዮዋ ሰው እየጠበቀች እንደሆነ፣ የምትጠብቀውም ሰው እንደማይመጣ ከዚያ ካልተነሳው ሲኒ ማወቅ አለብን።

«ገባዎት አባባ?» አለችኝ።

መግባቱንስ ገብቶኛል፤ እንዲያውም ለጥቂት ጊዜ መናገር አቅቶኝ ነበር። ግን ማን ነገረኝ? ማንም! ድሮ ተራኪው «እነሆ፣ ባሏ ሳይመጣ ቀረ» ብሎ ቁርጡን ይነግረን ነበር፤ እኛም ሰምተን በወጉ እናዝን ነበር። አሁን ሐዘኑንም ራሳችን ፈልገን ልናገኘው ነው።

«ደግሞስ» አልኳት፣ «እውነተኛ ጀበና አምጥተሽ ጀበና ሁኚ ትያታለሽ? ጥበቡ የቱ ላይ ነው?» ሳሙኤል ቤኬት ለቢቢሲ የጻፈው የመጀመሪያው የሬዲዮ ድራማ፣ «የሚወድቁት ሁሉ» የሚለው፣ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1957 ሲተላለፍ እንዲህ ያለ ስንፍና አልነበረም። አንዲት አሮጊት እግሯን እየጎተተች፣ ዓይነ ስውር ባሏን ልትቀበል ወደ ባቡር ጣቢያ ትሄዳለች። መንገዱ የገጠር መንገድ ነውና በጉም፣ ላሟም፣ ዶሮውም ይጮኻሉ። የጮኹት ግን ሰዎች ናቸው! አዘጋጁ ዶናልድ ማክዊኒ የከብቱን ድምፅ ሁሉ በሰው አፍ አሠራው። ሥራን ማክበር ይሏል ይኼ ነው፤ ላሟን ሰው ተጫወታት። ዛሬ ላም ሲፈልጉ ላም ይቀዳሉ፤ ተዋናይ ሲፈልጉ ደግሞ ቲክቶክ ላይ ተከታይ ያለውን ይጠራሉ። ከሁለቱ ላሟ ትሻለኛለች።

ነገሩ ከጥንት ከመሠረቱም ደግ ነበር። ሪቻርድ ሂውዝ የሚባል ወጣት ጸሐፊ ለቢቢሲ «አደጋ» የሚል ድራማ ጻፈ፤ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1924 ተላለፈ። የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ሊጎበኙ የገቡ ሰዎች መብራት ጠፍቶባቸው ከመሬት በታች ይቀራሉ። እነሱ አያዩም፤ አድማጩም አያይም፤ ሁሉም በአንድ ጨለማ ውስጥ ነው። አድማጮችም ቤታቸው መብራት አጥፍተው እንዲሰሙ ተመከሩ። እኛ አገርማ ማንም ሳይመክረን መብራቱ በራሱ ይጠፋልናል፤ ለጨለማው የሚሆን ድራማ ነው የጠፋው።

ሙዚቃም ድሮ ቦታውን ያውቅ ነበር። ኦርሰን ዌልስ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 30 ቀን 1938 በሲቢኤስ ሬዲዮ «የዓለማት ጦርነት»ን ሲያቀርብ መጀመሪያ ያሰማው ከሆቴል የሚተላለፍ የሚመስል የዳንስ ሙዚቃ ነበር። ሙዚቃው ይጀምራል፤ ሰበር ዜና ያቋርጠዋል። እንደገና ይጀምራል፤ እንደገና ይቋረጣል። ዳንሱ እየተቆራረጠ በሄደ ቁጥር የአድማጩ ልብ ይፈራል። በኋላ ከማርስ የመጡት ፍጡራን ኒው ጀርሲ ውስጥ አንድ እርሻ ላይ ወርደው ሰው መፍጀት ሲጀምሩ፣ ዘጋቢው ንግግሩን ሳይጨርስ ድምፁ ጥፍት ይላል። ከዚያ በኋላ ጸጥታ። አገሩ ሁሉ ተሸብሮ ነበር የሚለውን ወሬ ጋዜጦች እንዳጋነኑት የኋላ ተመራማሪዎች ጽፈዋል፤ እኔ ግን አልቀበላቸውም። ድሮ ሰው ሲሸበር ከልቡ ነበር።

ልብ አድርጉልኝ፤ የዚያ ሙዚቃ ሥራው መቋረጥ ነበር። የዛሬውን የሚያቋርጠው ጠፋ! ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ኦርጋኑ ከሥር ይነፋረቃል። ልጅቱ ደብዳቤውን ሳትከፍተው ኦርጋኑ እዬዬ ይላል፤ እኛም ምን እንደተጻፈ ሳናውቅ መርዶውን እንሰማለን። ሌባው አጥር ሳይዘል ከበሮው ድም ድም ይላል፤ ባለቤቱ ተኝቶ እንዴት እንደማይሰማው ይደንቀኛል። ሙዚቃ ለድራማ ለወጥ እንደሚሆን ጨው ነው፤ እነዚህ ግን ወጡን ትተው ጨዉን በእንጀራ አቀረቡልን። መቼ ማልቀስ እንዳለብኝ ኦርጋን ሊነግረኝ አይገባም። ሬዲዮ ድሮ ለአድማጩ ጭንቅላት የቤት ሥራ ይሰጥ ነበር፤ ሁሉን ነገር አኝኮ አያጎርስም ነበር። ዛሬ ለራሳችን ፈልገን የምናገኘው አንዲት ነገር እንኳ አይተዉልንም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ጸጥታ መጥፋቱ ነው። ዝም ማለት በሬዲዮ ትልቁ ድምፅ ነው። የዛሬ ጣቢያዎች ዝምታን የሚፈሩት የአራዊት ጩኸት ያህል ነው፤ ትንፋሽ ለመውሰድ ጋብ ሲሉ የባንክ ማስታወቂያ ይገባል። ይኼን ለባለቤቴ በየምሽቱ አስረዳታለሁ። «ድራማው እየተላለፈ እኮ ነው የምታወራው» ትለኛለች። ስለ ዝምታ ካልተናገርኩ ታዲያ ማን ሊናገር ነው?

የልጅ ልጄ በዚህ ጊዜ ያገኘችኝ መሰላትና አንድሩ ሳክስ የሚባለውን እንግሊዛዊ ተዋናይ አመጣችብኝ። ሰውዬው «በቀል» የሚል፣ ግማሽ ሰዓት የሚሆን የሬዲዮ ድራማ ሠርቷል፤ ውስጡ አንድም ቃል የለም። ሩጫ አለ፣ ማለክለክ አለ፣ በር አለ፣ ውሃ አለ፤ ንግግር ግን የለም። ቢቢሲ ያስተላለፈው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። «ይኸው አባባ፣ የእኔን ይመስላል» አለችኝ። በምን ይመስላል? እ.ኤ.አ. 1978 ማለት በእኛ 1970 ዓ.ም. ነው። ያን ዓመት ዝም ማለት ወግ ነበረው። እኛም በየቤታችን፣ ሬዲዮ ላይ ሳንወጣ፣ ብዙ አንናገርም ነበር።

ስለ መሣሪያውስ ምን ልበላችሁ? ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1958 ለንደን ሜይዳ ቬል ውስጥ የድምፅ ወርክሾፕ ከፈተ፤ ራዲዮፎኒክ ይሉታል። እዚያ የሚሠሩት ቴፑን በምላጭ ቆርጠው፣ ገልብጠው፣ አፍጥነውና አዘግይተው ነበር አዲስ ድምፅ የሚፈጥሩት። ዴሊያ ደርቢሻየር የምትባል ብልህ ሴት አንድ የብረት የመብራት ቆብ መትታ፣ የምቱን መነሻ ቆርጣ ጥላ፣ የቀረውን ርዝራዥ ድምፅ ሙዚቃ አደረገችው። እ.ኤ.አ. በ1964 ደግሞ ከባሪ በርሜንጅ ጋር ሆና ተራ ሰዎች ሕልማቸውን ሲናገሩ የተቀዳውን ቆራርጣ፣ ከሥሩ ድምፅ አንጥፋ፣ ስትሰሙት የራሳችሁ ሕልም የሚመስል ሥራ አወጣች። ይኼ ሁሉ በምላጭ! ምላጭ የያዘ ሰው ከመቁረጡ በፊት ያስባል። የዛሬ ልጆች በጣታቸው ነካ አድርገው ይቆርጡና መልሰው ነካ አድርገው ይቀጥላሉ፤ ጸጸት የሚባል ነገር አያውቁም።

«እነሱም ሲሳሳቱ እኮ በፕላስተር ይቀጥሉት ነበር» አለችኝ።

ፕላስተሩም ፕላስተር ነበር!

ፍጥነቱንማ ተዉት። ጓደኞቿ ትረካ የሚሰሙት በአንድ ተኩል ፍጥነት ነው አሉ። ወገኖቼ፣ ይኼን ስሰማ ወንበር ያዝኩ። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ ታስታውሳላችሁ አይደል? ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው፤ እኔም በእጄ ይዤ አንብቤዋለሁ፤ ዛሬ ግን ገጹን ስገልጥ የሚሰማኝ የወጋየሁ ድምፅ ነው። አንድ ሰው ነበር፤ ግን ፊታውራሪ መሸሻም እሱ፣ በዛብህም እሱ፣ ጉዱ ካሣም እሱ፣ ሰብለ ወንጌልም እሱ። ፊታውራሪ ሲቆጡ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠው ሬዲዮ ራሱ የሚንቀጠቀጥ ይመስለን ነበር። የባትሪ ድንጋዩ ደክሞ ድምፁ እየሰለለ ሲሄድ ጆሯችንን ሳጥኑ ላይ እንለጥፋለን፤ ድንጋዩን በማግስቱ ፀሐይ ላይ አስጥተን ነፍስ እንዘራበታለን። ባትሪው ሲደክም ፊታውራሪም ይደክማሉ፤ ቃላቸው ይጎተታል፤ ያም የራሱ ውበት ነበረው። አሁን ያን ሰው በአንድ ተኩል ፍጥነት ሊያስሮጡት? መቃብሩ ቶሎ ይደርስላቸዋል እንጂ ፍቅሩ የት አባቱ ይደርሳል?

ትዕግሥት ያለው ድራማ የመጨረሻው «የቀን ቅኝት» ይመስለኛል። ከ1994 እስከ ኅዳር 1997 ዓ.ም. በሬዲዮ ተላለፈ፤ 257 ክፍል! በ257 ክፍል ውስጥ ሰው ይታጫል፣ ያገባል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል፣ እንደገና ይጣላል። ስለ ኤችአይቪና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ የሚያስተምር ነበር፤ ሕዝቡ ግን ትምህርቱን እንደ ትምህርት አልሰማውም፤ ፍቅርተ ምን ይሻላታል ብሎ ነበር የሚጨነቀው። ከ15,000 በላይ ደብዳቤ ተጻፈ። ወረቀት ተገዝቶ፣ ቴምብር ተልሶ፣ ፖስታ ቤት ድረስ ተሂዶ! ዛሬ የሚጻፈው የጣት ምልክት ነው፤ ቀይ ልብ ይልካሉ፤ ልቡ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ስድስት ክፍል ሠርተው «ሲዝን ሁለት ይጠብቁን» ይላሉ። ባለቤቴ ከጓዳ ሆና «ያኔ ‹ይኼ ነገር መቼ ነው የሚያልቀው› ስትል አልነበር?» ትላለች። እኔ የምለው የነበረው በናፍቆት ነው።

ወደ ልጅቱ ልመለስ። «ይኼ የኔ ሥራ እኮ አዲስ አይደለም» ብላ ሐሊም ኤል-ዳብህ ስለሚባል ግብፃዊ ነገረችኝ። ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ1944 ካይሮ ውስጥ፣ ከአንድ ሬዲዮ ጣቢያ በሽቦ ላይ ድምፅ የሚቀዳ መሣሪያ ተውሶ፣ ሴቶች ዛር ሲያወርዱ ዘፈኑንና ከበሮውን ቀዳ። ከዚያ ጣቢያው ውስጥ ገብቶ ድምፁን እያስተጋባ፣ ግልጹን እያደበዘዘ፣ ቃሉ ጠፍቶ ገደል ማሚቶው ብቻ እንዲቀር አደረገው። የፓሪስ ሬዲዮ ባለሙያው ፒየር ሼፈር የባቡር ድምፅ ቆራርጦ ሙዚቃ አደረገ ተብሎ ስሙ የተነሳው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው፤ የካይሮው ሰው አራት ዓመት ቀደመው። ኋላም ኒው ዮርክ በነበረው የኮሎምቢያ ፕሪንስተን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል «ሌይላና ገጣሚው» የሚል የኤሌክትሮኒክ ድራማ ሠራ። ታዲያ ከዚያ ተነስቶ የት የመጣ ይመስላችኋል? አዲስ አበባ! በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር እ.ኤ.አ. በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ። ክራሩን፣ ማሲንቆውን፣ ዋሽንቱን፣ ከየአካባቢው የመጣውን መሣሪያና ተጫዋች በአንድ መድረክ አስቀመጠ። ኋላ ተስፋዬ ለማ የመሩት ኦርኬስትራ ይኼው ነው።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ዛሩ የእኛም ቤት ነገር ነው፤ ሰውዬውም የእኛን ውሃ ጠጥቷል፤ ስለዚህ የሙከራ ድምፅ የሚባለው ሁሉ የእኛ ነው ማለት ነው። ሁሌም እለው ነበር። ድሮ የተሠራ ነገር መሆኑን መጀመሪያ ብትነግረኝ ኖሮ ያን የጀበና ድራማዋን ገና ሳልሰማው አደንቅላት ነበር።

ያን ጊዜ ኦርኬስትራውን ሰምተው አባቴ ተቆጥተው ነበር። «የአዝማሪ ማሲንቆና የእረኛ ዋሽንት ዩኒቨርሲቲ ምን አገባው? በየቦታቸው ሲያምሩ አንድ ላይ አጉረው የምን መንጫጫት ነው? ዘመኑ ተበላሸ» ይሉ ነበር። ነፍሳቸውን ይማርና፣ አባቴ አዲስ ነገር ሲመጣ ማማረር ይወዱ ነበር። እኔ ከማን እንደወጣሁ አይታወቅም።

አሁን ወደ ዋናው አቤቱታዬ ልምጣ። ድራማው ባለፈው ሳምንት ተላለፈ። ዘመድ ጎረቤት ሰብስቤ፣ ሬዲዮውን ከፍቼ፣ ሁሉንም ዝም አሰኝቼ ተቀመጥኩ። ጀበናው ተንተከተከ፤ በሩ ተንቋቋ፤ ከዚያ ሳሌ መጣ። አዎ፣ የእኔው ሳል! ልጅቱ አላወጣችውም ነበር። ከጎረቤት ግድግዳ ማዶ የሚያስል ሽማግሌ አድርጋ ሴትዮዋ ብቻዋን አለመሆኗን እንዲያሳይ አስገብታዋለች። ጥሩ አድርጋለች፤ አስተዋይ ልጅ ናት። ግን ምን አደረገችው መሰላችሁ? ግማሹን ቆረጠችው! የቀረውም ላይ ማሲንቆ ጫነችበት! ሳል እኮ መነሻ አለው፣ መሃል አለው፣ ከዚያ «እህህ» የምትል መዝጊያ አለው። መዝጊያዋን ያልሰማ ሰው ሽማግሌው ምን ዓይነት ሕይወት እንዳሳለፈ በምን ያውቃል? መጨረሻ ላይ ስም ሲጠራም የእኔ ስም የተነበበው በዚያ በአንድ ተኩል ፍጥነት ነው።

ስለዚህ ለጣቢያው ኃላፊዎች በእናንተው ፊት አስታውቃለሁ። ድራማው በድጋሚ ይተላለፍ፤ ማሲንቆው ይውጣልኝ፤ ሳሌ ሳይቆረጥ ሳይቀጠል ከነ«እህህ»ው ሙሉውን ይሰማ። ይኼ ካልሆነ ለሁለተኛው ክፍል ቀጥራ የያዘችብኝን ማስነጠስ አልሰጥም።